ልጅዎ ዳኩን ከመላኩ በፊት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ዕድሜዬ 54 ደርሷል። ወደ 200 የሚጠጋ ሲዲ አለኝ። አንድ የቆየ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከርም አሉኝ፤ ስፒከሮቹ ቡፌው ላይ ናቸው። ውጭ ያለው ልጄ ‹አባዬ፣ ሲዲ ጊዜው አልፎበታል፣ አሁን ሰው የሚሰማው ሃይ-ሬዝ ነው፣ ዳክ ልላክልህ› እያለ ይጨቀጭቀኛል። ጓደኛዬ ቤት ደግሞ ሲዲው ያለኝን ዘፈን በ24 ቢት 192 ሰማሁትና ልዩነቱ ገረመኝ። ፋይሉን በፍላሽ ቀድቼ ልኬልዎታለሁ። እውነት ይሻላል? ሲዲዎቼንስ ልሽጣቸው?»

ሲዲዎቹን አይንኳቸው። ዳኩም፣ ማለትም ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ዕቃ፣ ይቆይ። ምክንያቱን አመጣዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለላኩልኝ ፋይል ልንገርዎ።

ስፔክ የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ዘፈን ሲሰጡት በውስጡ ያለውን ድምፅ በቀለም ስሎ ያሳያል፤ ወፍራሙ ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ። 192 ኪሎኸርዝ የተባለ ፋይል (በሴኮንድ 192,000 ጊዜ የተለካ ማለት ነው) እስከ 96 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 96,000 ጊዜ እስከሚነዝር ድረስ ያለ ድምፅ የመያዝ ቦታ አለው። የእርስዎን ስከፍተው ቀለሙ 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ ደርሶ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ተቆረጠ። ከዚያ በላይ ድቅድቅ ጨለማ ነው። እንዲህ ያለ ቁርጥ ደጋግሜ የማየው 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ላይ ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ ከድምፁ ብዙ የተቆረጠለት ፋይል ነው። ባጭሩ፣ አንድ ሰው ተራ ኤምፒ3 ወስዶ 24 ቢት 192 የሚል ልብስ አልብሶታል። የቀጠነ ጠላ ትልቅ ጋን ውስጥ ስለተገለበጠ አይወፍርም።

እንግዲህ ጓደኛዎ ቤት የገረመዎት ድምፅ፣ እርስዎ ቡፌ ውስጥ ካለው ሲዲ ያነሰ ነገር የያዘ ነበር ማለት ነው። ይህን የምለው ላሳፍርዎ አይደለም። ጆሮዎ አልዋሸም፤ ልዩነት ሰምተዋል። ልዩነቱ ግን ከቁጥሩ አልመጣም። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሠሩ ማየት አለብን።

ሲዲ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ ሶኒና ፊሊፕስ አብረው የሠሩት። ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይጽፋል። (44,100 የሚለው ጎዶሎ ቁጥር ብዙ ሰው ይገርመዋል። ያኔ ዲጂታል ድምፅ የሚቀዳው በቪዲዮ ቴፕ ላይ ስለነበር ለቪዲዮው የሚስማማ ቁጥር ተመረጠ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።) ሃይ-ሬዝ የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ 24 ቢት ሆኖ በሴኮንድ 96,000 ወይም 192,000 ጊዜ የሚለካ ነው።

እዚህ ላይ ልጅዎም ሳያየው የማይቀር አንድ ሥዕል አለ። የአናሎጉ (ወደ ቁጥር ያልተቀየረው) ድምፅ ለስላሳ ሞገድ ሆኖ ይሳላል፣ የሲዲው ደግሞ እንደ ደረጃ የተሰነጣጠቀ። ሃይ-ሬዙ ደረጃዎቹን አሳንሶ ወደ ለስላሳው ያስጠጋዋል ይባላል። ሥዕሉ ለሽያጭ ያምራል፤ ግን ስህተት ነው። ከሲዲ ማጫወቻዎ ጀርባ በሽቦ የሚወጣው ድምፅ ደረጃ የለውም። ለስላሳ ሞገድ ነው። የናይኲስትና የሻነን ሕግ የሚባለው የሒሳብ ሕግ የሚለው ይህን ነው፦ አንድን ድምፅ ከቀጭኑ ጫፍ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ከለኩት፣ በልኬቶቹ መካከል ያለው ሞገድ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። «በግምት» አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ። ስለዚህ 44,100 ጊዜ መለካት እስከ 22 ኪሎኸርዝ ያለውን ድምፅ ለመያዝ ይበቃል። ፍጥነቱን ወደ 192 ማሳደግ ከዚያ በታች ያለውን አያጠራውም። የሚጨምረው ከ22 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ብቻ ነው።

ከ22 በላይ ያለውን ማን ይሰማዋል? ውሻዎ ይሰማ ይሆናል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በየዓመቱ ከላይ እየተሸረሸረ ይወርዳል። በእርስዎ ዕድሜ አብዛኛው ሰው ከ14 በላይ ያለውን አይሰማም። እኔ ከእርስዎ ሰባት ዓመት አንሳለሁ፤ ባለፈው ራሴን ስፈትን 13 ላይ ቀረሁ፤ ድምፅ ሥራዬ ነው እንግዲህ። ብዙ አያሳስብዎት። የፒያኖ የመጨረሻዋ ቀጭን ኖታ እንኳ 4,186 ኸርዝ ገደማ ናት። ከዚያ በላይ ያለው የድምፁ ጌጥ ነው፤ የጌጡም ዋናው ክፍል እርስዎ ከሚሰሙት ውስጥ ነው።

ቢቱስ? ቢት የሚወስነው በጣም ዝቅተኛውና በጣም ከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለውን ርቀት ነው። 16 ቢት 96 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። 24 ቢት በወረቀት ላይ 144 ይሰጣል፤ ጥሩ የሚባሉት ዳኮች ግን ራሳቸው 120 አካባቢ ላይ ይቆማሉ። አሁን ወደ ኮዬ ፈጬ እንምጣ። ሌሊት ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል፣ ውሻው ዝም፣ ጎረቤት ተኝቶ፣ ሳሎንዎ ውስጥ 35 ዴሲቤል ያህል ድምፅ አለ ብለን እናስብ። ፍሪጁ ብቻውን ይበቃዋል። የሲዲው ዝቅተኛ ሹክሹክታ ከዚያ በላይ ብቅ እንዲል ቢፈልጉ፣ የዘፈኑ ከፍተኛ ቦታ 131 ዴሲቤል መሆን አለበት። ያ ጆሮ የሚያሳምም ድምፅ ነው። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴው ሳይመጣ በፊት ጆሮዎ ይጎዳል።

በተለይ የእኛን የቀድሞ ዘፈኖች ለሚሰማ ሰው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። አምሃ ሪከርድስ የተባለው የሸክላ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀምር የነበረው ቀረጻ በቴፕ ነበር፤ የሚወጣው በሸክላ። በኋላ ካሴት ቦታውን ያዘ። ተራ ካሴት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል አካባቢ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከዚያ በታች ሽሽሽሽ የሚለው የቴፑ የራሱ ድምፅ ነው። የዚያን ዘመን ዘፈን በ24 ቢት 192 ሲገለብጡት፣ የሽሽታውን ትክክለኛ ቅጂ ያገኛሉ። ዘፈኑ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። ጥሩ የቴፕ ማጫወቻና ትዕግሥት ያለው ባለሙያ ግን ብዙ ይጨምራል፤ ስለዚህ አንድ ዘፈን በሁለት ኅትመት ሁለት ዓይነት ሊሰማ ይችላል።

«ታዲያ ስቱዲዮዎች ለምን በ24 ቢት ይቀዳሉ?» ይሉኝ ይሆናል። እኛም በዚያው ነው የምንቀዳው። በገና ስቀዳ ይህን በደንብ አየዋለሁ። በገና ዝግ ያለ መሣሪያ ነው። ያ ንዝረቱ የሚመጣው በጅማቱና በብርኩማው (ጅማቱ በሚያርፍበት እንጨት) መካከል ከሚገቡት እንዚራ ከሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጭ ቆዳዎች ነው፤ አንዷ ትንሽ ስትንሸራተት ድምፁ ይቀየራል። ደርዳሪው አንዳንዴ በለሆሳስ ያዜማል፤ ድንገት ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የት ላይ ከፍ እንደሚል አላውቅም። ስለዚህ መቅጃውን ዝቅ አድርጌ ብዙ ቦታ እተውለታለሁ፤ 24 ቢት ይህን ሳልፈራ እንዳደርግ ይፈቅድልኛል። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲቆርጥ ትርፍ እንደሚተወው ማለት ነው። ሥራው አልቆ፣ ሚክሱ ተስተካክሎ፣ ማስተሩ፣ ማለትም ለኅትመት የሚሄደው የመጨረሻው ቅጂ፣ ሲወጣ ግን ትርፉ ጨርቅ ተቆርጦ ይጣላል። ለለባሹ 16 ቢት ይበቃዋል።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ እንዳይመስልዎ፣ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ኤስኤሲዲ የተባለውን ባለከፍተኛ ጥራት ዲስክ በቀጥታና በሲዲ ደረጃ ባለው 16 ቢት 44.1 አሳልፈው ለሰዎች አሰሙ። የትኛው የቱ እንደሆነ አልነገሯቸውም። ከ554 ሙከራ ትክክል የሆነው ግማሽ ያህሉ ነበር፤ ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይም ጎፈር ከማለት አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ለንደን ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ያለው ጆሹዋ ሪስ 18 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲያይ 52.3 በመቶ ትክክል አገኘ፤ የሠለጠኑ አድማጮች ከዚያ በግልጽ ይሻላሉ። ስለዚህ «ፈጽሞ ልዩነት የለም» ብሎ መማል አይቻልም። ካለም ግን፣ ልምምድ ያደረገ ጆሮ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ተጨንቆ የሚያድነው ጭላንጭል ነው። ሳሎን ገብተው በመጀመሪያው ደቂቃ «ወይ ጉድ!» የሚያሰኝ ልዩነት ከዚህ ሊመጣ አይችልም።

ያ «ወይ ጉድ» ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ከቮሊዩም ነው። ትንሽ ከፍ ያለው ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ከፍ ማለቱ ሳይታወቅዎት «ጠርቷል፣ ሰፍቷል» ይላሉ። ቡራዩ ያለችው የሥራ ክፍሌ ውስጥ ይህን አንድ ጊዜ በራሴ ላይ አየሁት። ሦስት ጓደኞቼን ጠርቼ አንድ ዘፈን በሁለት ፋይል አሰማኋቸው፤ ሦስቱም ሁለተኛውን መረጡ፤ እኔም ጭምር። አንዱ «ክራሩ እኮ ከስፒከሩ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ» አለ። በኋላ ስለካ ሁለተኛው በአንድ ዴሲቤል ከፍ ብሎ ነበር። ሳስተካክለው ክራሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ምርጫችንም ተበታተነ።

ሁለተኛው ምንጭ ማስተሪንግ፣ ማለትም የማስተሩ አሠራር ነው፤ እዚህ ላይ ለሃይ-ሬዝ ሻጮች ትንሽ ፍትሕ ልስጥ። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ወዲህ ብዙ ሲዲዎች ከሌላው ዘፈን ጮክ ብለው እንዲሰሙ ተብለው ተጨፍልቀዋል፤ ለስላሳውም ቦታ ጮክ፣ ጮክ ያለውም ጮክ። አንዳንድ ሃይ-ሬዝ ኅትመት ላይ ባለሙያው እንደገና በጥንቃቄ ስለሠራው ዘፈኑ ይተነፍሳል። ያ በእርግጥ ይሻላል። ያንኑ ጥሩ ማስተር ወደ ሲዲ ደረጃ ቢያወርዱትም ግን እኩል ይተነፍሳል። ስለዚህ ሲገዙ የትኛው ኅትመት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቢቱ ቀርቶብዎት።

ሦስተኛው የጓደኛዎ ቤት ነው። ስፒከሩ ሌላ፣ ክፍሉ ሌላ። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ እንዳለው እገምታለሁ።

ራስዎ መሞከር ከፈለጉ መንገዱ ቀላል ነው። እውነተኛ የሆነ አንድ ሃይ-ሬዝ ፋይል ይያዙ። ያንኑ ፋይል ወደ 16 ቢት 44.1 ይቀይሩት፤ ከሲዲው ጋር አያወዳድሩት፣ ማስተሩ ሊለይ ይችላል። ከዚያ ፉባር2000 በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ላይ ኤቢኤክስ የተባለውን መፈተኛ ይጫኑ። ፕሮግራሙ የቱን እንደሚያጫውት ደብቆ ይጠይቅዎታል። 16 ጊዜ ይሞክሩ። 12 እና ከዚያ በላይ ካገኙ የሆነ ነገር እየሰሙ ነው፤ ደብዳቤ ይጻፉልኝ፣ እመጣለሁ። 8 ወይም 9 ካገኙ ገንዘብዎን ይያዙ። ማስጠንቀቂያ፦ ልዩነቱን ለመያዝ ብለው ጸጥ ባለው የዘፈኑ ክፍል ላይ ቮሊዩሙን አያሳድጉ። ቀጥሎ ከበሮው ሲመጣ ስፒከርም ጆሮም ይሄዳል።

አሁን ወደ ሳሎንዎ ልግባ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ኮንክሪት፣ ብሎኬት፣ ሴራሚክና መስታወት ነው። መሀሉ ላይ ቆመው አንዴ ጮክ አድርገው ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ «ጥርርርር» የሚል ነገር ከሰሙ፣ የሚያዳምጡት ዘፈን ሁሉ ላይ ያ ነገር ተደርቦ ነው የኖረው። የትኛውም ዳክ አያጠፋውም። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ያድርጉ። ለሙከራ ያህል ሁለት ጋቢ ግድግዳው ላይ ሰቅለው እንደገና ያጨብጭቡ፤ ልዩነቱ ያስደንግጥዎታል።

ስፒከሮቹን ደግሞ ከቡፌው ያውርዷቸው። ቡፌው ራሱ ይዘፍናል፤ ብርጭቆዎቹም ያጅቡታል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስፒከር ቤዙ ያብጣል፣ የዘፋኙን ድምፅም ያደነዝዘዋል። ቋሚ ጠረጴዛ ላይ ወይም ብረት ሠሪ ዘንድ በሚያሠሩት መቆሚያ ላይ ያድርጓቸው፤ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ይራቁ፤ ሳጥኑ ላይ ያለችው ትንሿ ክብ ስፒከር እርስዎ ሲቀመጡ በጆሮዎ ልክ ትሁን። ሁለቱ ሳጥኖችና እርስዎ ሦስት ማዕዘን ትሠራላችሁ። ሲያወርዷቸው ሳጥኑ ላይ ያለውን ትልቁን ክብ ስፒከር ዙሪያውን ይመልከቱት፤ የቆዩ ስፒከሮች ላይ ጠርዙን የያዘው ስፖንጅ ይፈረፍራል። ከፈረፈረ ማስቀየር ይቻላል፤ ከአዲስ ስፒከር በጣም ይረክሳል።

ከዚያ መብራቱ። ሙዚቃ ሳይኖር አምፕሊፋየሩን ከፍተው ጆሮዎን ወደ ስፒከሩ ያስጠጉ። እምምም የሚል ድምፅ ካለ የ50 ኸርዙ መብራት እየገባ ነው። አምፕሊፋየሩን በእጅዎ ጀርባ ሲነኩት የሚነዝር ነገር ከተሰማዎት ደግሞ ስለ ሙዚቃ ይርሱና ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ፤ የሶኬቱ ግራውንድ አልተገናኘም ይሆናል ወይም ዕቃው ውስጥ ብልሽት አለ። እምምም የሚለውን ለማጥፋት ብሎ የግራውንዱን ጥርስ የሚቆርጥ «ባለሙያ» ከመጣ ወደ በሩ ይሸኙት። ድምፁ ይጠፋ ይሆናል፤ አንድ ቀን ግን ሰው ይዞ ይሄዳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ጥሩ ስታብላይዘር ያስፈልግዎታል፤ የቆየ አምፕሊፋየር ይህን አይችልም።

ስለ ዳኩ አንድ ነገር ላርም። ዳክ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ዕቃ ነው፤ ሲዲ ማጫወቻዎ ውስጥም ስልክዎ ውስጥም አለ። ከላፕቶፕዎ ወደ አምፕሊፋየሩ ሲያገናኙ ጭርጭር የሚል ከሆነ አንድ ርካሽ ዳክ ይጠቅማል። 192 ስለሚጫወት ግን አይደለም። በብሉቱዝ የሚያዳምጡ ከሆነ ደግሞ ድምፁ መንገድ ላይ ስለሚጨመቅ ክርክሩ ከነጭራሹ ይቀራል።

የኢንተርኔቱንም ሒሳብ ያስቡት። የአራት ደቂቃ ዘፈን በሲዲ ደረጃ ሳይጨመቅ 42 ሜጋባይት ገደማ ነው። በ24 ቢት 192 ግን 276። በሞባይል ጥቅል የሚያወርድ ሰው ለማይሰማው ነገር ስድስት እጥፍ ተኩል ይከፍላል።

ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ ዳኩን ተወውና በዩኤስቢ የሚሰካ ሲዲ ማንበቢያና አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላክልኝ። እነሱ ሲደርሱ ሲዲዎቹን ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ፍላክ ይገልብጧቸው። ፍላክ እንደ ኤምፒ3 ከድምፁ ቆርጦ የሚጥለው የለም፤ ቦታ ብቻ ይቆጥባል። ሰው ቤት በኮምፒውተር የተቀዱትን (‹በርን› የተደረጉትን) ያስቀድሙ፤ እንዲህ ያለ ሲዲ ቀለሙ በፀሐይና በሙቀት ይበላሻል። አንዳንዶቹ ሲገለበጡ ውስጣቸው ኤምፒ3 ሆኖ ያገኙታል፤ እነሱን ፍላክ ማድረግ ጥቅም የለውም፣ እንዳሉ ይቅዷቸው። ኦሪጅናሎቹን ከገለበጡ በኋላም አይሽጧቸው፤ የአገራችን ብዙ አልበም ዳግም ታትሞ አያገኙትም። በቀን አምስት ቢገለብጡ 200ው በ40 ቀን ያልቃል።

ጓደኛዎ ያንን ፋይል ከፍሎበት ከሆነ ግን የስፔኩን ሥዕል ያሳዩት፤ ገንዘቡን ያስመልስ።